ጃንሆይ ያረፉበትን ሆቴል ፍለጋ

ዎርዚንግ በእንግሊዝ ደቡብ ጠረፍ ያለች ከተማ ናት። የሄድኩት ባሕር ለማየት ነበር። ባሕሩ ዳር «ዋርንስ» የሚል ስም ያለው ሕንፃ አየሁ። ጃንሆይ በስደታቸው ጊዜ ያረፉበት ሆቴል ስም ነው። ወዲያው ፎቶ አንስቼ አዲስ አበባ ላለው አባቴ ላክሁለት። እሱም ለዘመድ አዝማዱ አዳረሰው።

ሆቴሉ ለካ በፈረንጆቹ 1987 ተቃጥሏል። እኔ ያነሳሁት በቦታው የተሠራ አፓርታማ ነው፤ ስሙን ብቻ ወርሷል። በጣም አፈርኩ። እልህ ይዞኝ መፈለግ የጀመርኩት ከዚያ በኋላ ነው።

መጀመሪያ ያሳሳተኝ ዓመቱ ነው። ማስታወሻዬ ላይ «1928» ብዬ ጽፌ፣ የ1928 የእንግሊዝ ጋዜጣ ሳገላብጥ ዋልኩ። ያ ግን የኛ አቆጣጠር ነው፤ በነሱ 1936። ጃንሆይ ሳውዛምፕተን ወደብ የወረዱት በነሱ ሰኔ 3፣ በኛ ግንቦት 26 ነው። አሁን ከእያንዳንዱ ዓመት ጎን «የኛ» ወይም «የነሱ» ብዬ እጽፋለሁ።

ቀጥሎ ስም። የዘመኑ ጋዜጠኞች አርዕስታቸው ላይ ብዙ ጊዜ «ኔጉስ» ነው የሚሏቸው፤ አገራችንን ደግሞ «አቢሲኒያ»። በዘመኑ ቃል ስፈልግ ጽሑፉ ጎረፈልኝ።

ቦታውን ያሳየኝ ካርታ ነው። የስኮትላንድ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት አሮጌ ካርታዎችን በዛሬው የሳተላይት ምስል ላይ ደርቦ በነፃ ያሳያል። ማንሸራተቻዋን ወዲህ ስስባት አሮጌው ከተማ ብቅ ይላል፣ ወዲያ ስገፋት ይጠፋል። እዚያ ላይ አንድ ምሽት ሙሉ አምሽቻለሁ፤ ሥራ ልበለው ጨዋታ እንጃ።

ከሁሉም የወደድኩት ግን በ3 ፓውንድ የገዛሁት የሆቴሉ ፖስታ ካርድ ነው። አንድ እንግዳ ከአንዱ መስኮት በላይ በቀለም ኤክስ ምልክት አድርጎ፣ ጀርባው ላይ «ክፍሌ ይቺ ናት» ብሎ ጽፏል። ከጃንሆይ ጋር ምንም አያገናኘውም። ቀለሙ ፈዞ ቡናማ ሆኗል፤ ብዕሩ የወጋበት ግን በጣት ሲዳሰስ ዛሬም ይታወቃል።

ለአባቴ እሱንም ላክሁለት።

«ይሄኛውስ እውነተኛው ነው?» አለኝ።

«አዎ አባዬ። ግን ተቃጥሏል።»

ዝም አለ። ከዚያ፣ «በል ለአክስትህ አንተው ደውለህ ንገራት። ያንን ፎቶ አሳጥባ ሳሎን ሰቅላዋለች።»