አባባ ከፔንግዊን ጋር ገበጣ የተጫወቱ ዕለት

የእህቴ ልጅ ሰሞኑን "ሮበክስ ግዛልኝ" ብሎ ወጥሮ ይዞኛል። ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ለማታውቁት፣ ሮበክስ ማለት ሮብሎክስ በሚባለው ጨዋታ ውስጥ የሚሠራ ገንዘብ ነው፤ የሚገዛው ግን በእውነተኛው ብር ነው። "ጨዋታው ነፃ ነው አላልከኝም እንዴ?" አልኩት። "ጨዋታው ነፃ ነው፣ ፀጉሩ ነው የሚከፈልበት" አለኝ ኮስተር ብሎ።

ሳቄ መጣ። እኔም ይህችኑ ነገር ከዓመታት በፊት ለእናቱ ብያት ነበር። የኔ ግን ስለ ፀጉር አልነበረም፣ ስለ በረዶ ቤት ምንጣፍ ነበር።

የኛ ዘመን ጨዋታ ክለብ ፔንግዊን ይባል ነበር። ኢንተርኔት ላይ ያለ፣ በረዶ የሞላበት ደሴት ነው፤ ስትገባ ፔንግዊን ትሆናለህ፣ ቀለምህን ትመርጣለህ፣ ከዚያ ከዓለም ዙሪያ ከመጡ ልጆች ጋር ትዞራለህ፣ በሸርተቴ ትወርዳለህ፣ ዓሣ ታጠምዳለህ፣ ሳንቲም ትሰበስባለህ። ሦስት ካናዳውያን ኬሎውና በምትባል ከተማቸው ሠርተው በኛ አቆጣጠር ጥቅምት 1998 ላይ ከፈቱት። ሁለት ዓመት ሳይሞላው፣ እኛ ሚሊኒየማችንን ልናከብር ስድስት ሳምንት ሲቀረን፣ ዲዝኒ በ350 ሚሊዮን ዶላር ገዛው። እኛ ደሴ ስናገኘው እንግዲህ 2003 ክረምት ነበር። ሰባተኛን ጨርሼ ስምንተኛን እጠብቃለሁ።

የደሴን ክረምት የሚያውቅ ያውቀዋል። ጦሳ ተራራ ጉሙን ተከናንቦ ለቀናት አይታይም፣ ዝናቡ መጣ ሄደ ሳይሆን መጣ መጣ ነው፣ ኳስ የለም፣ ሜዳው ጭቃ። ስለዚህ አራት ሆነን ሳንቲም እናዋጣና ፒያሳ አካባቢ ወዳለ ኢንተርኔት ካፌ እንሄዳለን። በደቂቃ 25 ሳንቲም ነው። ሰባት ብር ከሃምሳ ካለን ግማሽ ሰዓት አለን ማለት ነው፣ ከዚያ ውስጥ አሥሩ ደቂቃ ጨዋታው ተከፍቶ እስኪያልቅ መጠበቅ ነው። አራት ልጅ፣ ሁለት ወንበር፣ አንድ ፔንግዊን። አንዱ ማውዙን ይይዛል፣ አንዱ ኪቦርዱን፣ ሁለቱ ደግሞ ከኋላ ቆመው ያዝዛሉ። የሚያዝዙት ይብሳሉ።

ለመመዝገብ የወላጅ ኢሜይል ይጠይቃል። እናቴ ኢሜይል? ስልኳን ራሱ የምታነሳው ጎረቤት ጮሆ ሲነግራት ነው። እህቴ ግን ያኔ ወሎ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ስለነበር ያሁ ነበራት፤ ለምኜ ለምኜ፣ ሦስት ቀን ውሃ ቀድቼላት ፈቀደች። እና በክለብ ፔንግዊን መዝገብ ላይ እህቴ እናቴ ናት። እስከዛሬ ትቀልድበታለች።

ስሙም ጣጣ ነበረው። "ጦሳ" እንበለው ብለን ተስማማን። ግን "ጦ"ን የሚጽፍ የፈረንጅ ፊደል ከየት ይምጣ? በ"ቶ" ስንሞክር ስሙ ተይዟል አለን። ማን እንደያዘብን አላህ ይወቅ። ቁጥር ጨመርንበትና ገባን።

የመጀመሪያ ቀን ያደረግነው ሰላምታ ነው። ወሎዬ ሰው መሃል ገብቶ ዝም አይልም። በፈረንጅ ፊደል "ሰላም ናችሁ፣ እንዴት ዋላችሁ" ብለን ጻፍን። መልስ የለም። ደገምን። የለም። "ኩራተኞች ናቸው" ብለን ደመደምን። በኋላ ነው የገባኝ፤ ጨዋታው ለልጆች ደኅንነት ሲባል ማጣሪያ ነበረው፤ ማጣሪያው የማያውቀውን ቃል ለጻፈው ሰው ብቻ ያሳይና ከሌላው ይደብቀዋል። እንግሊዝኛውን፣ ፈረንሳይኛውን፣ ፖርቹጋልኛውን፣ ስፓኒሹን ያውቃል፣ አማርኛን ከየት ያምጣው። ለሳምንት ያህል ለራሳችን ነበር እንዴት ዋልክ ስንል የከረምነው። ደግነቱ ሌላ መንገድ ነበረ፣ የተዘጋጁ ዓረፍተ ነገሮች ዝርዝር አለ፣ ከዚያ እየመረጥክ ትናገራለህ። እንግሊዝኛ ለማይችል ልጅ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። አንዱ ጓደኛችን ግን ከፊልም የሰማትን የእንግሊዝኛ ስድብ ካልጻፍኩ ብሎ ጻፋት፣ ፔንግዊናችን 24 ሰዓት ታገደ። አንዱ ተሳደበ፣ አራታችንም ተቀጣን።

ነፃ ነው ስንል ግን ግማሹ ነው ነፃው። ሳንቲሙን ላባችን ጠብ እስኪል ሠርተን እንሰበስባለን፣ ሱቅ ስንገባ ኮፍያው፣ ጃኬቱ፣ የቤቱ ዕቃ ሁሉ "ለአባላት ብቻ" ይላል። አባልነት በየወሩ በዶላር የሚከፈል ነው። የባንክ ካርድ የሚባል ነገር እንኳን እኛ ባለካፌውም አላየም። ያለ አባልነት የሚገኙት ፐፍል የሚባሉ ሁለት የቤት እንስሶች ናቸው፣ ሰማያዊና ቀይ። ስለዚህ ፔንግዊናችን ራቁቱን ባዶ የበረዶ ጎጆ ውስጥ ከሁለት እንስሳ ጋር ይኖር ነበር። ብርዱ እንደሁ ደሴም አለ።

ደሴቷ ላይ ቡና ቤት አለ። እዚያ የሚሠራ ጨዋታ ነበር፣ ከመኪና የሚወረወር የቡና ጆንያ እየቀለብክ መደርደር፤ በመሃል ዓሣና የአበባ ማስቀመጫ ይወረውሩብሃል፣ እሱን መሸሽ ነው። ሥራው ጥሩ ሳንቲም ያስገኛል። ግን በዚያ ሁሉ ጆንያ አንድ ሰው እንኳን ቡና አፍልቶ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ሲል አላየሁም። ይሄ ያናደደው እኔን ብቻ አልነበረም።

ከቡና ቤቱ በደረጃ ወደ ላይ ስትወጣ መጻሕፍት ያሉበት ክፍል አለ። እዚያ ጠረጴዛ ላይ ነው ያየሁት። ሁለት ረድፍ ጉድጓድ፣ በየረድፉ ስድስት፣ በየጉድጓዱ አራት ጠጠር። ስሙን ማንካላ ይሉታል። "ገበጣ!" አልኩ ጮክ ብዬ፣ ካፌው ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ።

እኔ ገበጣ የለመድኩት ከአባባ ነው፣ ከእናቴ አባት። ሐይቅ ነው የሚኖሩት፣ ከደሴ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ። እሳቸው ደግሞ ከብት ሲጠብቁ ነው የለመዱት፤ መሬት ይቆፈራል፣ ጠጠር ይለቀማል፣ አለቀ። አባልነት አይጠይቅም። በዚያ ዓመት ኢድ በነሐሴ መጨረሻ ነበር የዋለው። አባባ ጾሙን ጨርሰው ለዓይናቸው ሕክምና ጳጉሜ ላይ ደሴ መጡና እኛ ቤት አረፉ። ቡና እየተጠጣ ሳለ ነገርኳቸው።

"አባባ፣ ፈረንጆች ኮምፒውተር ላይ ገበጣ ይጫወታሉ።"

"ስንት ጉድጓድ?"

"ስድስት በስድስት።"

"ጠጠሩስ?"

"አራት አራት።"

ስኒያቸውን አስቀመጡ። "ታዲያ የኛ ነዋ።"

በማግስቱ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ከዘራቸውን ይዘው ካፌው መጡ። ባለካፌው ከወንበሩ ተነሥቶ "እዚህ አባቴ፣ እዚህ" እያለ ጥሩውን ወንበር ሰጣቸው፤ እኛን እንዲህ አስተናግዶን አያውቅም። ዓይናቸው ደከም ስላለ የየጉድጓዱን ጠጠር እኔ ቆጥሬ እነግራቸዋለሁ፣ እሳቸው ያዝዛሉ፣ እኔ እጫናለሁ። ጠረጴዛው ላይ አንድ ሮዝ ፔንግዊን መጥቶ ተቀመጠ።

"ይሄ ወፍ ነው የሚገጥመኝ?"

"ወፍ ነው አባባ፣ ግን አይበርም።"

"ዶሮ በለኛ!"

ጀመርን። አባባ ከመሃል አንዱን ጉድጓድ አዘዙ፣ አደልኩት፣ የመጨረሻዋ ጠጠር ሌሎች ጠጠሮች ያሉበት ጉድጓድ ውስጥ አረፈች። በሳቸው ገበጣ እንዲህ ሲሆን ያንን አንሥተህ ማደልህን ትቀጥላለህ፣ ባዶ ጉድጓድ እስክትደርስ። "አንሣና ቀጥል" አሉኝ። "አይቻልም አባባ፣ ተራው የሱ ነው።" "ማን ከለከለ?" "ኮምፒውተሩ።" "ኮምፒውተሩ የየት አገር ሰው ነው?"

በዳርና ዳር ያሉትን ሁለት ትልልቅ ጉድጓዶች ጨርሶ አልወደዷቸውም። የፈረንጆቹ ሕግ እንዲህ ነው። ጠጠር ስታድል አንዷን እዚያ ጎተራህ ውስጥ ትጥላለህ፣ የመጨረሻዋ እዚያው ካረፈች ደግመህ ትጫወታለህ፤ በራስህ በኩል ባዶ ጉድጓድ ላይ ካረፈች ደግሞ ፊት ለፊት ያለውን የሰውየውን ጠጠር ትበላለህ። በመጨረሻ ጎተራው የሞላ ያሸንፋል። "እየተጫወተ የሚያከማች ሰው ምን ዓይነት ሰው ነው?" አሉ። እውነቱን ለመናገር ሁለቱንም ተጫውቼ የምፈርደው ለአባባ ነው። የኛው አንዴ ከተነሣ ዞሮ ዞሮ የት እንደሚቆም ለማወቅ ጭንቅላት ይፈልጋል፣ የነሱ ቶሎ ያልቃል። የገበጣ ሕግ በአገራችንም ከቦታ ቦታ ይለያያል፣ ፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክረስት ዓይነቱን ሁሉ ለቅመው ጽፈውታል። አባባ ይህን ብነግራቸው "የሌላው ስህተት ነው" ይሉኝ ነበር።

የመጀመሪያውን ተሸነፍን፣ 30 ለ18። ከኋላ የቆሙት ጓደኞቼ አንገታቸውን ደፉ። አባባ ግን ምንም አልመሰላቸው፤ ከዘራቸው ላይ አገጫቸውን አስደግፈው ትንሽ አሰቡና "ድጋሚ" አሉ። ገብቷቸዋል። ከጎተራው ወደ ኋላ በጣታቸው እየቆጠሩ፣ አራት የያዘውን ከአራተኛው፣ ሁለት የያዘውን ከሁለተኛው እያስነሡ፣ እየደገሙ፣ እየደገሙ፣ ሮዙ ፔንግዊን ተራ ራሱ ናፈቀው። 27 ለ21። ካፌው ውስጥ ፊልም የሚያወርደው ሁሉ ሥራውን ትቶ እኛ ጋ ቆሞ ነበር። አንዱ "ወላሂ እኚህ ሰውዬ!" አለ።

"አሁን መርቅልኝ" አሉኝ አባባ። "ልጁን አላህ ያሳድግህ በለው።" ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች ፈለግኩ። ምርቃት የለም። "ጥሩ ጨዋታ ነበር" የምትል አገኘሁ፣ እሷን ላክሁ። ልጁም ያንኑ መለሰና ቀጥሎ "እንደገና እንጫወት?" አለ። ተረጎምኩላቸው። "መልስ ጨዋታ ጠይቋል? ሐቁ ነው፣ ይሰጠዋል" አሉና ጋቢያቸውን አስተካከሉ።

መብራት ጠፋ።

ጠበቅን። ሰው ሁሉ ወጣ፣ እኛ ጠበቅን። ጀኔሬተር የለም፤ ባለካፌው ሻማ አበራና ሒሳቡን እንኳን አልተቀበላቸውም። አባባ መንገዱን ሙሉ ዝም አሉ። ቤት ስንደርስ "አሸንፈው ሸሹ ይለናል" አሉኝ። ያ ዓመት ጳጉሜ ስድስት ነበረች፣ በቀሯት ቀናት ሁሉ ተመላለስን፤ ሮዝ ፔንግዊን አይቼ አላውቅም ልበል፣ ሮዝ ፔንግዊን ሞልቷል፣ የትኛው እንደሆነ ነው ያላወቅነው። ስሙን አልያዝኩትም። አባባ በአዲስ ዓመት ማግስት ወደ ሐይቅ ተመለሱ፣ ከዚያ በኋላ በደወልኩ ቁጥር ከጤናዬ ቀጥሎ የሚጠይቁኝ "ያ ልጅ ተገኘ?" ነበር።

ጨዋታው በ2009 ሊዘጋ ነው ሲባል እኔ ኮምቦልቻ የኢንጂነሪንግ ተማሪ ነበርኩ። ልሰናበት ፈለግኩ። ሌላም ነገር ነበረ። ደሴቷ ላይ "ብዙ ፔንግዊን ተሰብስቦ ቢሰረስረው ይገለበጣል" የሚባል የበረዶ ተራራ ነበር። በኛ ጊዜ ስንት ብር አቃጥለን ቆመንበታል፣ ፍንክች አላለም። ለካ ሊዘጋ ሲል በእርግጥ እንዲገለበጥ አድርገውት ኖሯል። ይህንን ሳላይማ አይዘጋም አልኩ። መዝጊያው የአሜሪካ ምዕራብ ዳርቻ እኩለ ሌሊት ነው። አሥር ሰዓት እንቀድማቸዋለን፣ ደመርኩ፣ ደብተሬ ላይ "መጋቢት 21፣ 10 ሰዓት" ብዬ ጻፍኩ። ሐሙስ፣ ማርያም ነበር። ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ተኩል ላይ ቀደም ብዬ ሄጄ ከፈትኩት። ግንኙነቱ ተቋርጧል፣ ስለተጫወታችሁ እናመሰግናለን ይላል። ለካ የጻፍኩት የፈረንጅ አሥር ሰዓት ነው! በኛ ከጠዋቱ አራት ሰዓት። እኔ ክፍል ውስጥ ተቀምጬ ሳዛጋ ተዘግቷል። በሁለት ዓይነት የሰዓት አቆጣጠር ያደገ ሰው፣ ያውም ኢንጂነር ልሆን የምማር፣ እንዲህ እሸወዳለሁ።

ማታ ለአባባ ደወልኩ።

"ያ ጨዋታ ተዘጋ አባባ።"

"የቱ?"

"የፔንግዊኖቹ። ገበጣው።"

ትንሽ ዝም አሉ። ከኋላቸው የበግ ድምፅ ይሰማኛል።

"ታዲያ የልጁን መልስ የት ልንሰጠው ነው?" አሉኝ።