ባዶ ከቨር ኮሚኮቼን በምን ወረቀት እየሸፈንኩ ነው (እስካሁን የደረስኩበት)

ሰላም ወገኖች፣ ስለ ባዶ ከቨሮቹ አቀማመጥ እጽፋለሁ ብዬ ነበር፣ አሁን የሚጨበጥ ነገር ስላለኝ ይኸው። ለአዲሶች፣ ባዶ ከቨር የምንለው የኮሚኩ ስምና የአሳታሚው ምልክት ብቻ ታትሞበት ሌላው ነጭ የተተወውን ነው፣ ኮንቬንሽን (የኮሚክ ወዳጆችና ሰዓሊዎች የሚገናኙበት ዝግጅት) ይዛችሁት ትሄዱና ሰዓሊው የፈለጋችሁትን ይስልበታል። ተራው ከቨር የሚያብረቀርቅ ኮቲንግ አለው፣ ይሄ ግን እርሳስና ቀለም እንዲይዝ ተብሎ ሻከር ወፈር ያለ ወረቀት ነው። ጣጣውም እሱ ነው፣ እርሳሱን እንደሚይዘው የጣት ቅባቱንም አቧራውንም ይይዛል፣ ነጭ ስለሆነ ደግሞ ምንም አይደብቅም።

ከተሳለበት በኋላ ደግሞ ሌላው ኮፒ የሚባል ነገር የለም፣ ያ አንድ ብቻ ነው። ሂሮ ኢኒሼቲቭ የሚባለው የተቸገሩ የኮሚክ ባለሙያዎችን የሚረዳ ድርጅት ባዶ ከቨሮች ላይ ሰዓሊዎችን እያሳለ በጨረታ የሸጣቸው ለዛ ነው፣ እያንዳንዱ ኦሪጅናል ሥዕል ስለሆነ።

አብዛኛው ሰው የሚከራከረው ኮሚኩ ስለሚገባበት ፕላስቲክ ከረጢት ነው፣ ማይላር ይሻላል ፖሊፕሮፒሊን ይሻላል እየተባለ። እኔ ግን በደንብ ባየሁት ቁጥር ይበልጥ የሚወስነው ሥዕሉን በቀጥታ የሚነካው ወረቀት ነው ባይ ነኝ። በተለይ በእርሳስና በከሰል ለተሳለ። ማይላር ጥሩ ፕላስቲክ ነው፣ አሲድ አያወጣም፣ ግን ስታቲክ (በመፋተግ የሚፈጠር፣ ብናኝ የሚስብ ኤሌክትሪክ) ይይዛል፣ ስታቲኩ ደግሞ የላላውን የእርሳስ ወይ የከሰል ብናኝ ከወረቀቱ ላይ ይስበዋል፣ ኮሚኩን ባስገባችሁትና ባወጣችሁት ቁጥር ትንሽ ትንሽ እያለ ሥዕሉ ይሳሳል። ስለዚህ በሥዕሉና በፕላስቲኩ መሀል ለስላሳ ወረቀት መግባት አለበት። ባልቲሞር ዋልተርስ ሙዚየም ትልቅ የኢትዮጵያ ስብስብ አለው፣ የኛን የድሮ ብራና መጻሕፍት ያያችሁ ታውቃላችሁ፣ አንዳንዶቹ ላይ ሥዕሉ ፊት ስስ ጨርቅ ተሰፍቶ እንደ መጋረጃ ይወርዳል፣ ፊት ለፊት ያለው ገጽ ሥዕሉን እንዳይፈትገው። አባቶቻችን ይሄን ጨርሰውታል እኮ፣ እኔም ሐሳቤ ከሱ የተለየ አይደለም።

ለእርሳስ አሁን የምጠቀመው ግላሲን የሚባለውን ስስ ልሙጥ ወረቀት ነው፣ አሲድ ፍሪ ተብሎ የተጻፈበትን ብቻ፣ ምክንያቱም ግላሲን ሁሉ አሲድ ፍሪ አይደለም። በጣም ልሙጥ ስለሆነ ብናኙን አይወስድም። ድክመቱ እርጥበት ነው፣ እርጥበት ሲያገኘው ይሸበሸባል፣ የሜሪላንድ በጋ ደግሞ ታውቁታላችሁ፣ እርጥበቱ ብዙ ነው፣ ቤዝመንት (ምድር ቤት) ላይ የምታስቀምጡ እርጥበት መለኪያ ግዙ፣ ርካሽ ነው፣ ከ50 ፐርሰንት በታች ለማቆየት ሞክሩ። ለማርከርና ለቀለም ግን ባፈር (አሲድን የሚያመክን አልካላይን ነገር) የሌለው አሲድ ፍሪ ቲሹ ወረቀት ነው የማደርገው፣ አንዳንድ ቀለም አልካላይን ስለማይወድ። ኮፒክና መሰሎቹ አልኮል ያላቸው ማርከሮች ከቨሩን ሰርገው ወደ ውስጥ ገጽ ያልፋሉ፣ ስለዚህ ሰዓሊው ከመጀመሩ በፊት ከቨሩና የመጀመሪያው ገጽ መሀል ወፍራም ወረቀት አስገቡ፣ ለእጁ ማሳረፊያም ሌላ ንጹህ ወረቀት ስጡት፣ ማንም ቅር አይለውም፣ እንዲያውም ደስ ነው የሚላቸው። ከዛ ወዲያው ፕላስቲክ ውስጥ አትክተቱት፣ የማርከሩ ሽታ እስኪጠፋ ይናፈስ።

ውስጥ የምታስገቡት ወረቀት ከኮሚኩ ትንሽ ይነስ፣ ኮሚኩ ወደ 17 በ26 ሳንቲ ስለሆነ ከሱ ጠበብ አርጋችሁ ቁረጡና እስቴፕሉ ጋ እንዳይደርስ፣ እስከ ማጠፊያው ከገፋችሁት ጀርባው ይከፈትና እስቴፕሉ ወረቀቱን ይስበዋል።

ትልቁ ያስደሰተኝ ግኝት የፒኤች እስክሪብቶ ነው፣ ወረቀት አሲድ እንዳለው የሚያሳይ። ወረቀት ላይ ታሰምሩበታላችሁ፣ ሐምራዊ ከሆነ ደህና ነው፣ ቢጫ ከሆነ አሲድ አለው። ኮሚኩ ላይ በፍጹም አታሰምሩ፣ ምልክቱ አይለቅም፣ መጠቅለያው ጥግ ላይ ብቻ። እና ኮሚኩ እንዳይታጠፍ ከጀርባው የሚገቡትን ቦርዶች (ጠንካራ ካርዶች) ላዩን ብቻ አትፈትሹ! ቀደድ አርጋችሁ ውስጡን አሰምሩበት። ላዩ ሐምራዊ ሆኖ መሀሉ ቢጫ የሚሆን ቦርድ አለ፣ ባፈሩ የተቀባው ላዩ ላይ ብቻ ስለሆነ፣ አሲዱ ደግሞ በጊዜ ብዛት ከመሀል ወደ ውጭ ይመጣል። ጥሩው ቦርድ ካልሲየም ካርቦኔቱ፣ ብዙ ጊዜ 3 ፐርሰንት ነው የሚባለው፣ እስከ መሀሉ ድረስ የገባበት ነው። ዋጋው ይለያል ግን ለተሳለበት ከቨር ይገባዋል፣ ላልተሳለበት ተራ ኮሚክ እኔ አልጨነቅም።

በፖስታ ለምትልኩ፣ ጋዜጣ አይንካው፣ ቀለሙ ይለቃል ወረቀቱም አሲድ ነው። ግላሲን፣ ፕላስቲክ፣ ከዛ ሁለት ካርቶን፣ የአንዱ መስመር ቁም የሌላው አግድም ሆኖ፣ እንዲህ ሲሆን በየትም በኩል አይታጠፍም። ባብል ራፕ ካረጋችሁ እብጠቶቹ ወደ ውጭ ይዙሩ፣ ወደ ኮሚኩ ከዞሩ በሙቀትና በክብደት ክብ ክብ ቅርጽ ይተዋሉ።

አሁን የቀረኝ የውሃ ቀለም ነው፣ ከቨሩ ሲርስ ይጎብጣልና ከደረቀ በኋላ በምን መሀል ተጭኖ እንደሚቃና እየፈተሽኩ ነው፣ በውሃ ቀለም ያሳላችሁ ካላችሁ ምን ወረቀት እንዳረጋችሁበት ንገሩኝ፣ ፎቶም ካለ ከጎን በኩል የተነሳ ይሁንልኝ ጉብጠቱ እንዲታይ።