ከማሳ ውጭ የሚሄደው ውሃ፦ የኢምፔሪያል ሸለቆ የጉዞ ማስታወሻ

በካሊፎርኒያና በአሪዞና ወሰን ላይ ከተሠራው የኢምፔሪያል ግድብ ተነሥቼ ወደ ምዕራብ የተጓዝኩት፣ የኮሎራዶን ወንዝ ውሃ ይዞ 130 ኪሎ ሜትር ያህል የሚፈስሰውን የኦል አሜሪካን ቦይ ተከትዬ ነው። መንገዱ በአሸዋ ክምር መካከል ካለፈ በኋላ ከባሕር ጠለል በታች ወዳለው ለምለም ሜዳ ይወርዳል። በዓመት 75 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ በሚያገኘው በዚህ ሸለቆ 200,000 ሄክታር ያህል መሬት በዚሁ ቦይ ይለማል፤ እኔን የሳበኝ ግን ማሳ የማይገባው ውሃ ነበር።

በ1911 የተቋቋመው የኢምፔሪያል መስኖ ዲስትሪክት ከወንዙ በዓመት እስከ 3.8 ቢሊዮን ሜትር ኩብ የመውሰድ መብት ያለው ሲሆን፣ ከሚያከፋፍለው ውሃ 97 በመቶ ገደማው ለእርሻ ይውላል። ቀሪውን ከተሞች፣ የከብት ማድለቢያዎች፣ በከርሰ ምድር እንፋሎት የሚሠሩ የኃይል ማመንጫዎችና በየቦዩ ዳር የተበተኑ መኖሪያ ቤቶች ይካፈሉታል። 3 በመቶ ሲሉት ያንሳል፤ በመብቱ ልክ ቢሰላ ግን ከ110 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ይበልጣል።

እንደ ኤል ሴንትሮና ብሮውሊ ያሉት ከተሞች ያልተጣራውን ውሃ ተቀብለው ራሳቸው ያጣራሉ፤ ማጠራቀሚያም ቆጣሪም ስላላቸው የእነሱ ልኬት ብዙ አያከራክርም። አስቸጋሪዎቹ በቀጭን ቧንቧ ከቦዩ በቀጥታ የሚቀዱት የገጠር ቤቶች ናቸው። ይህ ውሃ ለመጠጥ ስለማይፈቀድ ነዋሪዎቹ የሚጠጡትን ለብቻው ያስመጣሉ፤ ለእጥበትና ለአትክልት የሚሄደው ግን ያው የቦይ ውሃ ነው። ደለልና አረም ውሃው በሚያሽከረክረው ክንፍ የሚሠራውን ቆጣሪ ቶሎ ስለሚያውኩት፣ በአንድ ግቢ በርሜል ደቅነን የሚሞላበትን ጊዜ በሰዓት ያዝን። እንዲህ ያለው ዘዴ የዚያችን ሰዓት ፍሰት በትክክል ይናገራል፤ ስለ ዓመቱ ፍጆታ ግን የሚናገረው ጥቂት ነው።

ወደ ቦዩ ከገባው ላይ፣ ውሃ ወደ ማሳ በሚያስገቡት በሮች የተለካውን ቀንሶ የቤቶቹን ድርሻ ማግኘትም አያዋጣም። በሰከንድ 300 ሊትር በሚያሳልፍ በር ላይ የ5 በመቶ ስሕተት 15 ሊትር ነው፤ ይህም በቀን ወደ 1,300 ሜትር ኩብ ስለሚጠጋ በአካባቢው ያሉት ቤቶች ሁሉ የሚጠቀሙበት ውሃ በስሕተቱ ውስጥ ሰጥሞ ይቀራል። ስለዚህ ፍጆታውን ከታች ወደ ላይ መገንባት ይሻላል፦ የሣሩንና የዛፉን ስፋት ከአየር ፎቶ ለክቶ በአካባቢው የሜትሮሎጂ ጣቢያ ከሚሰላው የትነት መጠን ጋር ማባዛት፣ ከብቶቹን ቆጥሮ የሚጠጡትን በየወቅቱ ሙቀት ማስላት፣ የቤት ውስጡን ደግሞ በጥቂት ቤቶች ላይ ቆጣሪ ተክሎ መገመት ያስፈልጋል።

ይሁንና ፍጆታው ሁሉ ቢታወቅ እንኳ ውሃውን ለማድረስ የሚያስፈልገው መጠን ገና አልታወቀም፤ በጉዞዬ ያስተዋልኩት ትልቁ ነገርም ይህ ነው። በወንዙ ላይ ሽቅብ ካለው ከፓርከር ግድብ የተለቀቀ ውሃ ኢምፔሪያል ግድብ ለመድረስ ሦስት ቀን ያህል ስለሚፈጅበት፣ ዲስትሪክቱ የገበሬዎቹን ፍላጎት ቀድሞ መገመት አለበት። ማሳ ግን ለ12 ወይም ለ24 ሰዓት ጠጥቶ በሩ ይዘጋለታል። ቤትና በረት ጥቂት ይፈልጋሉ፤ የሚፈልጉት ግን በየቀኑ ነው። በቦዩ ያለው ውሃ ከቧንቧው አፍ በታች ከወረደ ደግሞ ምንም አያገኙም። ስለዚህ የእኛን የውሃ አባት ሥራ የሚሠራው ዛንሄሮ፣ ማሳ ባላዘዘበት ቀንም ንዑስ ቦዩን ከፍ አድርጎ መያዝ ይኖርበታል። ለዚህ ሲባል በሰከንድ 20 ሊትር ብቻ ቢለቀቅ በቀን 1,728 ሜትር ኩብ ይሆናል፤ ጥቂት ቤቶች ከዚህ የሚነኩት እፍኝ ያህል ነው። የተረፈው በቦዩ ጅራት ወደ ማንጠፈፊያው፣ ከዚያም ሶልተን ባሕር ወደሚባለው ጨዋማ ሐይቅ ሊወርድ ይችላል።

እኔ ብጠየቅ የመጀመሪያውን መለኪያ የምተክለው በቦዩ ጅራት ላይ ነው። ማሳ ውሃ ባላዘዘባቸው ቀናት በዚያ የሚወጣው፣ በመንገድ የሚሰርገውና የሚተንነው ከቤቶቹ ፍጆታ ጋር ሲደመር የማድረሻው እውነተኛ ልክ ይገኛል። ቦዩ ለጽዳትና ለጥገና በሚደርቅበት ጊዜም የሚጠቅመውን፣ የበርካታ ቀናት ውሃ የሚይዝ ታንከር ለየቤቱ ማቅረብ ይርከስ ወይስ ቦዩን ሁልጊዜ ሞልቶ መያዝ፣ ያን ጊዜ በቁጥር ሊነጻጸር ይችላል።