ከአባዬና ከባለቤቴ ጋር በሞተር፦ ከሐዋሳ ሳነቴ

ሰላም ሞተረኞች። የአርባ ምንጩን ጉዞ ብቻዬን፣ የዲላውን ደግሞ ከአባዬ ጋር ሄጄ የተማርኩትን ነግሬያችሁ ነበር። ይሄ ሦስተኛው፣ ባሌ ተራሮች ላይ ወዳለው የሳነቴ ሜዳ የሄድነው ነው። ከሦስቱ ብዙ ያስተማረኝም ብዙ ያሳፈረኝም እሱ ነው።

ሁለት ሞተር፣ ሦስት ሰው፣ አራት ቀን። እኔ በቦክሰር 150፣ ባለቤቴ ከኋላዬ፣ አባዬ በያማሃ ኤጂ 100። አዎ፣ በዚያችው በአሮጊቷ። ሰፈራችን ያሉት ጎሚስታዎች ድምፅዋን ሲሰሙ "ወፍጮው መጣ" ነው የሚሉት።

ለማታውቋት፣ ኤጂ 100 ለገጠር ሥራ ተብላ የተሠራች ቱ ስትሮክ (ዘይትና ቤንዚን አብራ የምታቃጥል) ናት። ሰንሰለቷ ሙሉ ለሙሉ የተሸፈነ ነው፣ ከፊትም ከኋላም ዕቃ መጫኛ አላት፣ መቆሚያዋ በግራም በቀኝም ነው። አባዬ በወጣትነቱ አዳባና ዶዶላ አካባቢ የእንስሳት ጤና ረዳት ሆኖ ሲሠራ እንዲህ ዓይነቷን ነበር የሚነዳው። ይቺን ግን ጡረታ ሊወጣ ሲል ከሐራጅ ነው የገዛት። እናቴ "እኔን እንደሷ ወልውሎኝ አያውቅም" ትላለች። የጉዞው ሐሳብም የመጣው ከእሱ ነው። "ድሮ የሠራሁበትን አገር አንዴ ልየው" አለ። ለእናታችን በመኪና እንደምንሄድ ነገርናት። ለዚህ ጥፋት ገና ሙሉ ይቅርታ አላገኘንም።

ጥምቀት ካለፈ በኋላ ሰኞ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ወጣን።

ዝግጅቴ ሁሉ ሞተሩ ላይ ነበር። ዘይት ቀየርኩ፣ ሰንሰለት አጠበቅኩ፣ የፍሬን ሸራ አስቀየርኩ፣ ሁለት ሰው ስለምንሆን የኋላውን ጎማ ነፋ፣ ሞላውንም ጠንከር አደረግኩት። ትርፍ ካላማዳሪያ፣ ማስቲሽ፣ ፖምፓ፣ ካንዴላ (ብልጭታ የሚሰጠው)፣ ለአባዬ ሞተር ሁለት ሊትር ዘይት ያዝኩ። ባለቤቴን ግን ምንም አላዘጋጀኋትም። ከተማ ውስጥ ከኋላዬ ተቀምጣ ስለምታውቅ በቃ ትችላለች አልኩ።

ሻሸመኔን ከነባጃጁና ከነጋሪው እንደምንም አለፍነው። ወደ ኮፈሌ መውጣት ስንጀምርና ኩርባው ሲመጣ ሞተሩ እንቢ አለኝ። እኔ ወደ ግራ ስጋደም አንድ ነገር ወደ ቀኝ ይጎትተኛል። ጎማ መስሎኝ ቆምኩ። ጎማው ደህና ነው። ለካ ባለቤቴ ናት። እኔ በተጋደምኩ ቁጥር እሷ በተቃራኒው ትዘማለች። ለምን ስላት ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? "የሚወድቅ መስሎኝ ልደግፈው ነዋ!"

እኔ ስለ ሚዛን ትንታኔ ጀመርኩ። አባዬ አቋረጠኝና "ልጄ፣ መንገዱ ወደሚታጠፍበት በኩል በእሱ ትከሻ ላይ አሻግረሽ ተመልከቺ። ሌላ ምንም አታድርጊ" አላት። በቃ፣ ይሄው ነው። ወደ ግራ ሲታጠፍ በግራ ትከሻዬ፣ ወደ ቀኝ ሲታጠፍ በቀኝ። ዓይን ሲሄድ ሰውነት ራሱ ይከተላል። በሚቀጥለው ኩርባ ላይ ከኋላዬ ሰው ያለ አልመሰለኝም። ከኋላ ሰው ለምትጭኑ ሁሉ ይቺን ብቻ ከጽሑፌ ብትወስዱ ይበቃኛል።

እዚያው ቆመን ምልክትም ተስማማን። ትከሻዬን አንዴ ከመታችኝ ቀስ በል፣ ሁለቴ ከመታችኝ ቁም። በነፋስ ውስጥ መጯጯህ ዋጋ የለውም። ይህን ምልክት ያዙልኝ፣ በኋላ እመለስበታለሁ።

ቀጥሎ የተማርኩት የሰልፉን ነገር ነው። እስከ ኮፈሌ ድረስ ከፊት የነበርኩት እኔ ነኝ፤ መንገድ መሪ መሆኔ ነው። በስፖኪዮ አባዬን እያየሁ እሄዳለሁ። የሆነ ጊዜ ላይ ሳይ የለም። አምስት ደቂቃ ጠበቅኩ፣ አሥር ጠበቅኩ፣ ልቤ መምታት ጀመረ። ዞሬ ስመለስ መንገድ ዳር አንዲት ሻይ ቤት በር ላይ ተቀምጦ ሻይ ይጠጣል፣ ከባለቤትዋም ጋር በኦሮምኛ ይሳሳቃል። "እንዴ አባዬ፣ ምነው ሳትነግረን?" ስለው "በምን ልንገርህ? አንተ እንደሆን ከፊት ነህ" አለኝ።

ከዚያ የድሮውን አጫወተን። ለከብት ክትባት በሁለት ሞተር ሲወጡ ከፊት የሚሄደው ክትባቱንና በረዶውን የጫነው ነበር፣ ማለትም ከባዱና ቀርፋፋው። ፈጣኑ ከኋላ ነው። "ከኋላ ያለው፣ ከፊት ያለው ሲወድቅ ያያል። ከፊት ያለው ግን የኋላው ቢሞትም አያውቅም።" ከዚያች ሻይ ቤት ጀምሮ እስከ መጨረሻው አባዬ ከፊት ሆነ።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ መጀመሪያ ተቃጠልኩ። ኤጂዋ ዳገት ላይ 40፣ ሜዳ ላይ 50 ነው የምትሄደው። ያን የመሰለ አስፋልት ላይ በ50! እየቆየ ግን ተስማማኝ። ወሩ የስንዴ አጨዳ ማብቂያ ስለሆነ ከዶዶላ ወዲያ መንገዱ ላይ ኮምባይነር ይበዛል፤ ኮምባይነር ደግሞ የራሱን መስመር ብቻ ሳይሆን የእናንተንም ነው የሚይዘው። በዚያ ላይ ፈረሰኛው፣ የበግ መንጋው፣ የአህያ ጋሪው አለ። በ80 ብሄድ ኖሮ አንዱ ላይ መውጣቴ አይቀርም ነበር። በ50 ግን ሁሉንም ከሩቅ እናያለን፣ አባዬም በግራ እጁ ያመለክተናል።

አዳባ አካባቢ የኋላ ጎማዬ ተነፈሰ። ሚስማር ነው። እኔና ባለቤቴ አወለቅነው፣ አባዬ ለጠፈው፣ ሰባት ልጆች ደግሞ ቆመው አስተያየት ሰጡ። ከተማው ስንገባ አባዬ ወደ ድሮው የከብት መከተቢያ ቦታ ወሰደን። በረቱ የለም። ቦታው ላይ ቤት ተሠርቷል። "እዚህ ነበር፣ ከጠዋት እስከ ማታ ነበር የምንወጋው" አለና ዝም አለ። ያኔ ይከትቡ የነበረው የደስታ በሽታን ነው፤ ስሙ ደስታ ይሁን እንጂ የከብት መንጋ ሙሉ የሚፈጅ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ከጠፋ ቆይቷል፣ ከዓለም ጠፋ ተብሎ የታወጀው ደግሞ በ2003 ዓ.ም. ነው። አባዬን ያወቀው ሰው ይኖራል ብዬ ስጠብቅ ማንም አላወቀውም። አንድ ሽማግሌ ብቻ ቀረብ ብለው ሞተሯን ዞር ዞር ብለው አዩና "ትሸጣታለህ?" አሉት። እዚያው አደርን።

በማግስቱ ወደ ዲንሾ ስንወጣ ሁለት ችግር ባንድ ጊዜ መጣ፤ ብርድና ትንፋሽ።

ለብርዱ አባዬ "ደረት ላይ ጋዜጣ ነው" አለ። ነፋስ አያሳልፍም። ግን ዛሬ ጋዜጣ ከየት ይመጣል? አንድ ሱቅ ጠይቀን ባዶ የማዳበሪያ ከረጢት አገኘን። ቀደን ከጃኬታችን ሥር አደረግነው። በተራመድን ቁጥር ይንኮሻኮሻል። ግን ይሠራል፣ ሞክሩት።

ትንፋሹ የኤጂዋ ነው። ሐዋሳ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ዲንሾ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ኤጂዋ ጥቁር ጭስ እየተፋች ትንቋቋ ጀመር። ነገሩ ቀላል ነው፦ ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ካርቡራተር ከፍታ አያውቅም። አየሩ ሲሳሳ እሱ ያንኑ የቤንዚን መጠን ይሰጣል፣ ቤንዚኑ ይበዛል፣ ካንዴላው ይጠቁራል። ኢንጄክሽን (ቤንዚኑን በኤሌክትሮኒክስ የሚረጭ) ያላቸው ራሳቸው ያስተካክላሉ፤ ካርቡራተር ግን እጅ ይፈልጋል። ከዚያ ውጪ ማንኛውም ተርቦ (አየር ገፍቶ የሚያስገባ) የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ 10 በመቶ ያህል ያጣል፤ ለዚህ መድኃኒት የለውም።

ጎባ ስንደርስ ማታ አልጋ የያዝንበት ግቢ ውስጥ አባዬ የስልክ መብራት አስይዞኝ ካርቡራተሩን ፈታው። ውስጡ ያለችው መርፌ ጫፏ ላይ የተደራረቡ ጭረቶች አሏት፣ አንዷ ላይ ቀጭን ቀለበት ይገባል። ቀለበቷን ወደ ላይኛው ጭረት ሲያሳልፋት መርፌዋ ዝቅ ትላለች፣ ቤንዚኑም ይቀንሳል። ካንዴላውን በብረት ብሩሽ ፈተገው። ሲጨርስ ከባለቤቴ ቀይ ክር ተቀብሎ የመሪው እጀታ ላይ አሰረ። "ስንወርድ እንዳልረሳ ነው" አለ። ቆላ ወርዶ ቤንዚን ከቀነሰ ሞተሩ ይግላል። ቱ ስትሮክ ደግሞ ዘይቱም አብሮ ነው የሚቃጠለው፣ ከጋለ ፒስተኑ ሲሊንደሩን ነክሶ ይቀራል።

ሦስተኛው ቀን የሳነቴ ነው። ከጎባ በኋላ ጠጠር መንገድ ነው። የአስታ ጫካውን አልፋችሁ ስትወጡ ድንገት ሰማይ ብቻ ይሆናል። ከ4,000 ሜትር በላይ የሆነ ሜዳ፣ ጅብራው እዚህም እዚያም ቆሟል፣ ኩሬው ዳር ዳሩ ገና በረዶ ነበር። ቦታው ያለበት የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ ከ500 በታች ነው የቀረው፣ ከግማሽ በላዩ ባሌ ነው። እኛ ያየነው አንድ ብቻ ነው። ሞተር አጥፍተን ቆመን ነበር። የፍልፈል ጉድጓድ አጠገብ አንገቱን ቀልብሶ ቆሞ ይጠብቃል፣ እኛን ከመጤፍም አልቆጠረንም። ባለቤቴ ማዳበሪያው እንዳይንኮሻኮሽ ትንፋሽዋን ይዛ ነበር።

እዚያው ያለው የቱሉ ዲምቱ ተራራ ጫፍ 4,377 ሜትር ነው፤ ጠጠሩ መንገድ እላይ ድረስ ይወስዳል። ኤጂዋ በአንደኛ ማርሽ፣ እየተንቋቋችም ቢሆን ወጣች። ቦክሰሬም በአንደኛ ነው የወጣው። ወፍጮ ያላችኋት ሁሉ ይህን አንብቡልኝ።

ስንወርድ ነው ጉዱ። ባለቤቴ ትከሻዬን መታችኝ። እኔ ግን ምልክቱን ረስቼ ሌላ ቀበሮ ያየች መሰለኝና ዙሪያዬን ማማተር ጀመርኩ። ደግማ መታችኝ። ቀና ስል ኩርባ ላይ ነን፣ መሬቱ ልቅ ጠጠር ነው። ደንግጬ የፊት ፍሬን ጨበጥኩ። ጠጠር ላይ፣ ቁልቁለት፣ መሪው ታጥፎ፣ ሁለት ሰው ተጭኖ የፊት ፍሬን! የፊት ጎማው ከሥሬ ሾለከና ሁለታችንም መሬት ላይ ሆንን። ፍጥነታችን ከ20 አይበልጥም ነበር፣ ተመስገን። የሷ ጉልበት ተላጠ፣ የኔ ስፖኪዮ ተሰበረ።

አባዬ ከታች ሆኖ ድምፁን ሰምቶ በእግሩ እያለከለከ መጣ። መጀመሪያ እሷን አየ። ቀጥሎ የቤንዚኑን ቧንቧ ዘጋ። ከዚያ "አንተስ?" አለኝ። በዚህ ቅደም ተከተል። ባለቤቴ ለረጅም ጊዜ ዝም አለችና "ቀስ በል ብዬህ ነበር፤ ሲብስም ቁም ብዬሃለሁ" አለች። ከዚያ ሄልሜቷን አውልቃ "አባባ፣ እርስዎ ቀስ ብለው ይውረዱ፤ እኔ እስከ ሜዳው በእግሬ እመጣለሁ" ብላ መንገድ ጀመረች። ግማሽ ሰዓት ያህል ከኋላዋ በአንደኛ ማርሽ ተከተልኳት። ቀርፋፋው ከፊት ያልነው አይደል።

የመልሱን ብዙ አላስረዝመውም። ጎባ ላይ የሐረና ማር ገዛን፣ ለእናታችን ማስታረቂያ ነው። አራተኛው ቀን ጠዋት ከመነሳታችን በፊት አባዬ መርፌዋን መለሰና ቀይ ክሩን ፈታ። አንድ ቦታ ማደያው ላይ ቤንዚን አልቆ በሃይላንድ ከሚሸጡት ገዛን፤ በነጠላ ጨርቅ አጥልለን ሞላነው፣ ጨርቁ ላይ የቀረውን ብታዩ ከዚያ በኋላ ሳታጠሉ አትሞሉም። ሐዋሳ ከመምሸቱ በፊት ገባን። እናቴ በር ላይ ቆማ ነበር። ማሩን ተቀበለች፣ የባለቤቴን ጉልበት አየች፣ የተሰበረ ስፖኪዮዬን አየች፣ ከዚያ አባዬን "መኪናው የታለ?" አለችው።

አሁን ያለንበት ደረጃ ይሄ ነው፦ ባለቤቴ ከዚህ በኋላ ከኋላ አልቀመጥም ብላ መንዳት እየተማረች ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ባዶ ሜዳ ላይ፣ በኤጂዋ። ፍሪሲዮን ቶሎ ትለቃለች፣ ሞተሩ ይጠፋባታል። ሦስት ሳምንት ሆናት፣ ስምንት ቁጥር መዞር ጀምራለች። አባዬ ደግሞ እኔን ሲያስተምረኝ እንዳልጮኸብኝ ሁሉ፣ ባጠፋችው ቁጥር "ምንም አይደለም ልጄ፣ ሞተሯ ናት" ይላታል።