አንድ ቦርሳ፣ አንድ ካሴት፦ የማድሪዱ ሴራ ከምን ተሠራ?

የሽብር ጥቃት ሲደርስ «ከጀርባው ማን አለ?» የሚለው ጥያቄ አስከሬን ተነስቶ ሳያልቅ ይመጣል። ጥያቄው ጤነኛ ነው። መልሱ ግን ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ይፈጃል፤ ጠያቂው ደግሞ መልሱን የሚፈልገው ዛሬ ማታ ነው። ሴራው ሰተት ብሎ የሚገባው በዚህ ክፍተት ነው።

የሴራ ትርክት የሚያምን ሰው ወይ አላዋቂ ነው ወይ ጤና የለውም የሚባል ነገር አለ። አያስኬድም። የትርክቱን ጥሬ ዕቃ አንድ በአንድ ብትመረምሩት አብዛኛው ከባዶ የተፈጠረ አይደለም፤ ከራሱ ከምርመራው የተለቀመ ስህተት፣ መዘግየትና መቸኮል ነው። ይህን የማድሪዱን ያህል አጥርቶ የሚያሳይ ጉዳይ ማግኘት ይከብዳል። (ቀኖቹ እንደ ፈረንጆች፣ ሰዓቶቹ እንደ እኛ አቆጣጠር ናቸው።)

ሐሙስ፣ ማርች 11 ቀን 2004፣ ከጠዋቱ 1፡40 ገደማ፣ ወደ ማድሪድ አቶቻ ጣቢያ በሚሄዱ አራት ባቡሮች ላይ 10 ቦምቦች በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ፈነዱ። ፍርድ ቤቱ በኋላ በብይኑ ባሰፈረው ቁጥር 191 ሰዎች ሞተዋል። ጠቅላላ ምርጫው የሚካሄደው እሑድ ነበር።

የጠቅላይ ሚኒስትር ሆሴ ማሪያ አዝናር መንግሥት ወዲያውኑ የባስክ ተገንጣይ ታጣቂ በሆነው ኤታ ላይ ጣቱን ቀሰረ። ጥርጣሬው ራሱ መሠረት ነበረው። ኤታ በ2003 የገና ዋዜማ ቻማርቲን ጣቢያ ላይ ባቡር ሊያፈነዳ አቅዶ ተደርሶበታል። ጥቃቱ ሁለት ሳምንት እንኳ ሳይቀረው፣ ፌብሩዋሪ 29፣ ከ500 ኪሎ በላይ ፈንጂ ጭኖ ወደ ማድሪድ ሲያመራ የነበረ መኪናው ኩዌንካ ውስጥ ተይዟል። ስለዚህ ጥፋቱ መጠርጠሩ ላይ አይደለም፤ «እርግጠኞች ነን» ማለቱ ላይ ነው። የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሩ አንኸል አሴቤስ ከቀኑ 7፡30 ላይ ኤታ ለመሆኑ ጥርጥር እንደሌላቸው ተናገሩ። አዝናር ለጋዜጣ ዋና አዘጋጆች በግል እየደወሉ ይህንኑ አስረዱ። የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሯ ለአምባሳደሮች በላኩት ቴሌግራም፣ ባገኙት አጋጣሚ ሁሉ የኤታን ተጠያቂነት እንዲያጸኑ አዘዙ። የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት እንኳ በዚያው ዕለት ባሳለፈው ውሳኔ ቁጥር 1530 ኤታን በስም ጠርቶ አወገዘ።

በዚያው ቀን ረፋድ ላይ ግን ፖሊስ አልካላ ዴ ኤናሬስ ጣቢያ አጠገብ የቆመች ሬኖ ካንጉ መኪና አግኝቶ ነበር። ውስጧ ሰባት የፈንጂ ማስነሻ ዲቶኔተሮችና የቁርአን ንባብ የተቀዳበት የዐረብኛ ካሴት ተገኘ። ይህ ለሕዝብ የተነገረው ምሽት 2 ሰዓት ገደማ ነው። ቅዳሜ ሦስት ሞሮኳውያንና ሁለት ሕንዳውያን ተያዙ። ማምሻውን ሕዝቡ በስልክ መልእክት እየተጠራራ «እውነቱን ንገሩን» ብሎ በገዢው ፓርቲ ጽሕፈት ቤት ደጃፍ ተሰለፈ። እሑድ፣ በቅድመ ምርጫ ግምቶች ሲመራ የነበረው ፓርቲ 148 ለ164 መቀመጫ ተሸነፈ።

ከዚህ በኋላ ስፔን ውስጥ ሁለት ጥርጣሬዎች ጎን ለጎን ሄዱ። አንዱ «መንግሥት ኤታን ያለ በቂ ማስረጃ እየገፋ ነው» የሚል ነበር። ቴሌግራሙም፣ የስልክ ጥሪዎቹም በቀናት ውስጥ ወጡ፤ ጥርጣሬው ተፈትኖ አለፈ። ሌላው ከሽንፈቱ በኋላ የመጣው ነው፤ ፖሊሶች ማስረጃ ፈብርከዋል፣ ኤታ እጁ አለበት፣ ምናልባትም ጥቃቱ የተቀነባበረው መንግሥት ለመለወጥ ነው። ኤል ሙንዶ ጋዜጣና ኮፔ ሬዲዮ ይህንን ለዓመታት ይዘውት ቆዩ። የጥርጣሬ ሁሉ ስም ሴራ አይደለም። የመጀመሪያው ምን ቢገኝ እንደሚወድቅ ይታወቅ ነበር፤ ሁለተኛው ማስተባበያ በመጣ ቁጥር አስተባባዩንም የሴራው አባል እያደረገ ያብጣል።

አሁን ወደ ሴራው ትርክት ክፍሎች። የተጠመዱት ቦምቦች 13 ነበሩ። 10ሩ ፈነዱ፤ ሁለቱን ባለሙያዎች እዚያው አፈነዷቸው። 13ኛው ቦርሳ ግን ኤል ፖዞ ጣቢያ ላይ ከተሳፋሪዎች ንብረት ጋር ተደባልቆ ተሰበሰበ፤ ከአንድ ፖሊስ ጣቢያ ወደ አስከሬን ማቆያው አዳራሽ፣ ከዚያ ወደ ቫዬካስ ፖሊስ ጣቢያ ሲዞር ዋለ። ሌሊት ዕቃ ሲመዘገብ ነው የተገኘው። ፈንጂ አምካኞች ንጋት ላይ መናፈሻ ውስጥ አመከኑት። ውስጡ 10 ኪሎ ያህል ጎማ-2 ኤኮ የተባለ የማዕድን ማውጫ ፈንጂ፣ 640 ግራም ሚስማርና ብሎን፣ ማንቂያው የተሞላ ትሪዩም ስልክ ነበር። ያልፈነዳው ሽቦው ስላልተያያዘ ነው። የስልኩና የሲም ካርዱ ዱካ ላቫፒዬስ ሰፈር ወዳለ የስልክ ሱቅ መራ፤ የቅዳሜዎቹ እስራቶች የመጡት ከዚህ ነው።

የሴራው ጥያቄ፦ ባቡሩን ባለሙያዎች ፈትሸውት ያላገኙት ቦርሳ እንዴት ከሰዓታት በኋላ ፖሊስ ጣቢያ ይገኛል? ያስቀመጠው ሰው አለ! አየሩን እስኪ አስቡት፦ በመቶዎች የሚቆጠር ሬሳና ቁስለኛ፣ የተበታተነ ጫማና ቦርሳ፣ በየትልልቅ ከረጢቱ እየታጨቀ የሚጫን ንብረት። በእንዲህ ያለ ጠዋት ከ13 አንዱ ባያመልጥ ነው የሚገርመው። ፍርድ ቤቱም የቦርሳውን መንገድ ከጣቢያ ጣቢያ ተከትሎ ትክክለኛ ነው ብሎ ተቀበለው።

ሁለተኛው ክፍል የተሰጠው ከራሱ ከፖሊስ ነው። በ2004 ክረምት የፈንጂ አምካኞቹ ኃላፊ ለፓርላማው አጣሪ ኮሚሽን ሲመሰክሩ ናይትሮግሊሰሪን መገኘቱን ተናገሩ። ይህ ንጥረ ነገር ጎማ-2 ኤኮ ውስጥ የለም፤ ኤታ ይጠቀምበት በነበረው ቲታዲን ውስጥ ግን አለ። ስህተት መሆኑ በኋላ ተነገረ፤ ማስተካከያው ግን የስህተቱን ሩብ ያህል እንኳ አልተሰማም። የባቡሮቹ ስብርባሪ በፍጥነት ለቁርጥራጭ ብረት መላኩም ነገሩን አባሰው፤ ናሙና በስፋት ተወስዶ ቢሆን ክርክሩ ባጠረ ነበር። በዚህ ላይ ተጠራጣሪዎቹ እውነት አላቸው።

ሦስተኛው ቦሪክ አሲድ ነው። ከአንድ ተጠርጣሪ ቤት ተገኘ፤ ከዓመታት በፊት የኤታ ሰዎች ቤት ውስጥም ተገኝቶ ነበር፤ ሁለቱን የሚያገናኝ አስተያየት ከፖሊስ ላቦራቶሪ ሪፖርት ላይ በአለቃ ተሰረዘ። ሰማይ ምድሩ ተደበላለቀ፤ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደርሶ አለቆቹ ነጻ ወጡ። ቦሪክ አሲድ ለበረሮና ለእግር ላብ የሚሸጥ ዱቄት ነው። በዚህ ሒሳብ ከሄድን ስንቱ ቤት የኤታ ዋሻ ሊሆን ነው!

የምወደው ግን አራተኛው ነው። በካንጉዋ ውስጥ ሞንድራጎን ከተባለው የባስክ ኅብረት ሥራ ድርጅት የመጣ ካርድ ተገኝቷል ተብሎ በ2006 ተጻፈ። ሲጣራ የተገኘው ኦርኬስታ ሞንድራጎን የሚባል የሙዚቃ ባንድ ካሴት ነበር።

በዚህ ላይ የሟቾቹን ቁጥር ጨምሩ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከ200 በላይ ተባለ፤ የአስከሬን ምርመራው ሲገፋ ወደ 190 ወረደ። የተበጣጠሰ አካል በዘረመል ምርመራ ሲለይ ሁለት ጊዜ የተቆጠረው ይታረማል፤ ቁጥሩ የሚወርደው ለዚህ ነው። ከውጭ ለሚያይ ግን የሚወርድ የሟች ቁጥር የሚደበቅ ነገር ያለ ያስመስላል።

በ28 ተከሳሾች ላይ የቀረበ ክስ ውስጥ እንዲህ ያለ ቁርጥራጭ አለመኖሩ አይቻልም። ማንኛውም ቤት፣ መኪና ወይም ቦርሳ እስከ ታች ሲበረበር ከጉዳዩ ጋር የማይገጥም ነገር ይወጣል። የሴራ ትርክት የሚያደርገው የማይገጥሙትን ብቻ ለቅሞ መደርደር ነው። የሚገጥሙት ወዴት ሄዱ? ሌጋኔስ ውስጥ ኤፕሪል 3 ሰባት ተጠርጣሪዎች በፖሊስ ሲከበቡ ራሳቸውን ያፈነዱበት አፓርታማ አለ። ከዚያ በፊት በነበረው ቀን የማድሪድ ፈጣን ባቡር ሐዲድ ላይ የተገኘው 12 ኪሎ ጎማ-2 ኤኮ አለ። ፈንጂውን በሐሺሽ የለወጠው የአስቱሪያስ የቀድሞ ማዕድን ሠራተኛ አለ። ቦርሳውን ከመዝገቡ ብታወጡት እንኳ እነዚህ ይቀራሉ።

ታዲያ አስተዋይ ሰው እንዴት ይቀበለዋል? አንዱ ምክንያት የልክ ጉዳይ ነው። ለትልቅ ጥፋት ትልቅ አድራጊ እንፈልጋለን። ፓትሪክ ሌማንና ማርኮ ቺኒሬላ በ2007 ባሳተሙት ጥናት፣ በአንድ ፕሬዚዳንት ላይ ስለተደረገ ተኩስ የሚያወራ ጽሑፍ ለሰዎች አስነበቡ። ፕሬዚዳንቱ ሞተ የሚለውን ያነበቡት ሴራ መኖሩን ይበልጥ ገመቱ። የተለወጠው ውጤቱ ብቻ ነው። በሐሺሽ ፈንጂ የለወጡ ሰዎች የአንድን አገር መንግሥት አስለወጡ ማለት ለስሜት አይዋጥም። ፍርድ ቤቱ ኦክቶበር 31 ቀን 2007 ብይን ሲሰጥ 21 ሰዎችን ቀጥቶ፣ ዋና አቀናባሪ ተብሎ የተከሰሰውን ግብጻዊ ከዚህ ክስ ነጻ ማድረጉም በሩን ክፍት ተወው፦ «ታዲያ ያሰበው ማነው?» የማስረጃ አለመሟላት ለፍርድ ቤት ነጻ መልቀቂያ ነው፤ ለሴራ ግን ራሱ ማስረጃ ነው።

ሌላው ሽንፈት ነው። በሦስት ቀን ሥልጣን ያጣ ወገን ደጋፊ «መሪዎቻችን ቸኩለው ተሳሳቱ» ከማለት «ተሠራብን» ማለት ይቀለዋል። ከዚያ «ማን ተጠቀመ?» ይመጣል። ጥያቄው ለመርማሪ መነሻ ይሆናል፤ መድረሻ ግን አይሆንም፤ ከአደጋ በኋላ የሚጠቀም ሰው መቼም አይጠፋምና።

የጊዜው ርዝመትም ዋጋ አለው። በኒውዮርክ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2001 ባለ 47 ፎቁ የዓለም ንግድ ማዕከል 7ኛ ሕንጻ ከቀኑ 11፡20 ላይ ፈረሰ። ቢቢሲ ግን መፍረሱን 20 ደቂቃ ያህል ቀድሞ ዘገበ፤ ሕንጻው ከዘጋቢዋ ጀርባ ቆሞ እየታየ! እሳት አደጋ ሠራተኞች ሕንጻው እንደሚወድቅ ገምተው ከሰዓት በኋላ አካባቢውን ለቀው ነበር፤ ያ ግምት በዜና ወኪል በኩል ወድቋል ሆኖ ተላለፈ። ምክንያቱን፣ ማለትም በእሳቱ ሙቀት ወለል ተሸካሚ ብረቶቹ ተለጥጠው 79ኛው ምሰሶ እንዴት እንደተዳከመ፣ የሚያስረዳው የመንግሥት ተቋም የመጨረሻ ሪፖርት የወጣው በ2008 ነው። ሰባት ዓመት ሙሉ ቪዲዮው ብቻውን ሲናገር ቆየ።

ወሬው እጃችሁ ሲገባ መጀመሪያ ሰዓቱን እዩ። መግለጫው የተሰጠው ጥቃቱ በደረሰ በስንተኛው ሰዓት ነው? በዚያ ሰዓት ተናጋሪው ሊያውቅ የሚችለው ምንድን ነው? በመጀመሪያዎቹ 72 ሰዓታት የሟች ቁጥር፣ የአድራጊ ስምና የፈንጂ ዓይነት ይቀያየራሉ፤ መቀያየራቸው ብቻውን ምንም አያረጋግጥም። ቀጥሎ ትርክቱ የራሱን ታሪክ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይናገር እንደሆነ ፈትሹ፦ ቦርሳውን ያስቀመጠው ማን ነው፣ መቼ፣ ከየት አምጥቶ? ቀዳዳ ብቻ የሚቆጥር ትርክት እዚህ ላይ ዝም ይላል። ከዚያ ሴራው እውነት ቢሆን ስንት የማይተዋወቅ ሰው ዝም ማለት እንዳለበት ቁጠሩ፦ ፈንጂ አምካኝ፣ የላቦራቶሪ ባለሙያ፣ ዳኛ፣ የማዕድን ሠራተኛ። ይሄኛው ፈተና ብዙውን ይጥላል።

ይህ ሁሉ ጨዋታ አይደለም፤ የሚከፍለው ሰው አለ። 22 ሰዎች ከሞቱበት ከማንቸስተር የ2017 ጥቃት በኋላ አንድ የቪዲዮ አዘጋጅ ሁሉም ነገር ትወና ነው እያለ፣ የቆሰሉትን ለማጋለጥ ቤት ደጃፍ ድረስ ካሜራ ይዞ ሄደ። በ2024 የለንደን ፍርድ ቤት በማንገላታት ጥፋተኛ ብሎ 45 ሺህ ፓውንድ ካሣ ወሰነበት። ማድሪድ ውስጥም ልጃቸውን ያጡ የተጎጂዎች ማኅበር መሪ ለዓመታት ሲሰደቡ ኖረዋል።

ከሚያምን ወዳጅ ጋር ስትነጋገሩ ማስረጃ በማስረጃ ላይ መከመር አይሠራም። በኬንት ዩኒቨርሲቲ በ2012 የታተመ ጥናት፣ ቢን ላደን የአሜሪካ ወታደሮች ገደሉት ከተባለበት ወረራ በፊት ሞቶ ነበር የሚለውን ይበልጥ የተቀበሉ ሰዎች አሁንም በሕይወት አለ የሚለውንም ይበልጥ እንደተቀበሉ አሳይቷል። የሚያገናኛቸው «ባለሥልጣናት ይዋሻሉ» የሚለው እምነት ነው። ስለዚህ ከዚያ ጀምሩ፤ የዋሹበትን አትካዱ፣ የማድሪዱን ቴሌግራም አስቀድማችሁ ራሳችሁ አንሱ። ከዚያ አንድ ስሪት ብቻ እንዲመርጥ ጠይቁት፦ ኤታ ነው ወይስ ፖሊስ? ከመረጠ፣ ምን ቢያይ እንደሚተወው ጠይቁት። መልሱ «ምንም» ከሆነ ወሬ ቀይሩ።