ፊቷን ያላሳየችኝ ሴት

ቀለም ተቀብታ ወረቀት ላይ በምትታተመው የመጀመሪያዋ የመዳብ ዝርጌ ላይ የእህቴን ፊት ነበር የጫርኩት። ሦስት ቅዳሜ ሙሉ ለፋሁበት፤ ዓይኗን፣ ቅንድቧን፣ ፈገግታዋን፣ አንድም አልቀረኝም። ታትሞ ሲወጣ ግን የመታወቂያ ፎቶ መሰለ። ምን እንደጎደለው የገባኝ ዋሽንግተን ናሽናል ጋለሪ ቀጠሮ ይዤ የሜሪ ካሳትን ህትመቶች አጠገባቸው ቆሜ ያየሁ ዕለት ነው።

ካሳት በ1844 በፈረንጆቹ አቆጣጠር አሜሪካ ተወልዳ አብዛኛውን ዕድሜዋን ፈረንሳይ የኖረች ሰዓሊ ናት። በ1890 ጸደይ ፓሪስ በሚገኘው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት፣ ኤኮል ደ ቦዛር፣ ትልቅ የጃፓን ህትመት ኤግዚቢሽን ተከፍቶ ነበር። አይታ ስትመለስ ለጓደኛዋ ለሰዓሊዋ በርት ሞሪዞ እንዳያመልጣት ጻፈችላት። ያ ትምህርት ቤት ያኔ ሴት ተማሪ አይቀበልም፤ በሩን የከፈተላቸው በ1897 ነው። ይህን ሳስብ አሁንም ያንገበግበኛል። እሷ ግን ያየችውን ይዛ ቤቷ ገባች። በሚያዝያ 1891 ዱራን ሩዌል ጋለሪ ውስጥ አሥር ባለቀለም ህትመቶች አሳየች፤ እያንዳንዱ የታተመው 25 ቅጂ ብቻ ነው። አንዷ ሴት ፖስታ ከንፈሯ ላይ አድርጋ ታሽጋለች፣ አንዷ ልብስ ትለካለች፣ አንዷ ሕፃን ልታጥብ ውሃውን በእጇ ትሞክራለች።

እኔን ያስቀረችኝ የምትታጠበዋ ናት። ሸንተረር ያለበትን ቀሚሷን እስከ ወገቧ አውርዳ የመታጠቢያ ሳህኑ ላይ ጎንበስ ብላለች። ጀርባዋ በጥቂት መስመር ነው የተሠራው፤ የቀረው ባዶ ወረቀት ነው፣ ግን ሥጋ አለው። ፊቷ አይታይም። ሥራ ላይ ያለች ሴት ማን እንደሚያያት ግድ የላትም። እኔ ግን እህቴን ወንበር ላይ አስቀምጬ «ወደኔ እይ» ብያት ነበር።

ሁለተኛውን ዝርግ እህቴ ጸጉሯን ኩሽና ውስጥ ስትታጠብ ከኋላዋ ቆሜ ነደፍኩት። በድራይፖይንት፣ ያለ አሲድ መዳቡን በመርፌ ብቻ በመጫር ዘዴ፣ መርፌው መዳቡን ሲቀድ፣ ማረሻ አፈሩን ወደ ጎን እንደሚገለብጠው ሁሉ፣ ከመስመሩ ዳር ሻካራ ጠርዝ ይነሳል። ቀለሙን የሚይዘውና መስመሩን እንደ ከፋይ ጨርቅ የሚያለሰልሰው እሱ ነው። ይህን እያወቅኩ ትርፍ ቀለሙን ከዝርጉ ሳጸዳ በጨርቅ አጥብቄ ፈተግኩትና የትከሻዋን መስመር ግማሹን አጠፋሁት። ማተሚያውም በእያንዳንዱ ዙር ጠርዙን ይጫነዋል፤ በስድስተኛው ቅጂ ላይ መስመሩ ሲገረጣ ካሳት ለምን ጥቂት ብቻ እንዳተመች ገባኝ።

ካሳት ሰፋ ያለውን ቀለም ያገኘችው በአኳቲንት፣ ዝርጉን በአሲድ በማስበላት ዘዴ፣ ነው፤ አሲድ ስለሚጠይቅ እኔ ለጊዜው ትቼዋለሁ። ከእሷ የወሰድኩት ሌላውን መንገድ ነው፦ ፈረንሳዮቹ «ፑፔ»፣ አሻንጉሊት እንደማለት፣ የሚሏትን ትንሽ የጨርቅ ጥቅልል ይዞ አንዱ ዝርግ ላይ የተለያየ ቀለም በየቦታው ማድረግ። ፎጣው ላይ ሰማያዊ፣ አንገቷ ላይ ቡናማ አደረግኩ። ሁለቱ የሚገናኙበትን በጣቴ ነው ያለዘብኩት፣ ምክንያቱም ጨርቁ ሁሉንም ደባልቆ ጭቃ ያደርገዋል። ለአንድ ቅጂ አንድ ሰዓት ገደማ ሄደብኝ። ካሳት ይህን ሁሉ ብቻዋን አልተወጣችውም፤ መስዬ ለሯ የሚባል አታሚ አብሯት ይሠራ ነበር፣ ህትመቶቹም ላይ ስሙን ከራሷ ጎን ጽፋለታለች። እኔም ከዚያ ወዲህ ወረቀቱን አርጥቦ የሚያቀብለኝ ሰው ሳልይዝ አልጀምርም፤ ቀለም በነካ እጅ ንጹሕ ወረቀት አይያዝም።

ደህና የወጣውን ቅጂ ፎቶ አንስቼ አዲስ አበባ ላለችው እናታችን ላክሁላት። የማን ምስል እንደሆነ አልነገርኳትም። ወዲያው ደወለች፦ «ይቺማ እሷ ናት! ውሃ እንዳይገባባት ጆሮዋን በክንዷ የምትከልለው ነገር እስካሁን አልተዋትም?»