ዲስኩ አልዘገየም፣ ወረፋው እንጂ

የማስተዳድረው የሊኑክስ ሰርቨር ዲስኩ ሙሉ በሙሉ በሉክስ፣ በሊኑክስ የዲስክ ምስጠራ ደረጃ፣ የተመሰጠረ ነው። ዲስኩ ኤንቪኤምኢ፣ ማለትም የሚሽከረከር አካል የሌለው ፈጣን ዓይነት፣ ሆኖ ሳለ ዳታቤዙ ይንቀራፈፍ ነበር። ማንን ብጠይቅ መልሱ አንድ ነው፦ «ኢንክሪፕሽን እኮ ነው፣ ምን ታደርገዋለህ!»

መጀመሪያ ሉክስን የሚያስተዳድረውን የክሪፕትሴትአፕን ቤንችማርክ (የፍጥነት መለኪያ) አስኬድኩ። ፕሮሰሰሩ ኤኢኤስ የተባለውን ምስጠራ በሰከንድ በጊጋባይት እየቆጠረ ይፈታል። ስለዚህ ጊዜውን የሚበላው ስሌቱ አይደለም። ቀጥሎ ጥሬውን ዲስክና የተመሰጠረውን ፊዮ በተባለ የዲስክ መለኪያ ፕሮግራም አወዳደርኩ፤ በ4 ኪሎባይት ብሎክ፣ በዘፈቀደ ንባብ፣ በአንድ ጊዜ አንድ ጥያቄ ብቻ። በትልልቅ ብሎክና በረጅም ወረፋ ብለካ ኖሮ ችግሩ ተሸፍኖ ያልፍ ነበር። እዚህ ግን ልዩነቱ ፍጥጥ ብሎ ወጣ።

ሲስተሙ ጊዜውን በምን እንደሚያጠፋ የሚያሳየውን ፐርፍን ስከፍት ኬክሪፕትዲ የሚባሉት የከርነል (የሊኑክስ እምብርት) ትሬዶች፣ ማለትም የሥራ ክሮች፣ ያለማቋረጥ ሲነቁና ሲተኙ አየሁ። ምስጠራውን የሚሠራው የከርነል ክፍል፣ ዲኤም-ክሪፕት፣ የተነበበውን ዳታ እዚያው አይፈታውም፤ ለሌላ ትሬድ ያስረክበዋል፣ ያ ትሬድም የፕሮሰሰሩን ጊዜ የሚያከፋፍለው ስኬጁለር ተራ እስኪሰጠው ይጠብቃል። ጽሕፈት ይብሳል። ለመመስጠር አንድ ወረፋ ይይዛል፤ ከዚያ በሴክተር ቁጥር (በዲስኩ ላይ ባለው ቦታ ቅደም ተከተል) ተደርድሮ ወደ ዲስክ ለሚልከው ትሬድ እንደገና ይተላለፋል፣ ፊርማ ፍለጋ ከመስኮት ወደ መስኮት እንደሚመላለስ ባለጉዳይ። ድርደራው ለሚሽከረከር ዲስክ የታሰበ ነው። ኤንቪኤምኢ ግን የሚንቀሳቀስ ጭንቅላት የለውም፤ ለማን ይደረደራል?

መፍትሔው ከርነሉ ውስጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው ሊኑክስ 5.9 የንባብና የጽሕፈት ወርክኪውን፣ ማለትም ሥራው ለሌላ ትሬድ የሚተላለፍበትን ወረፋ፣ ለየብቻ የሚያስቀሩ ሁለት አማራጮች ጨምሯል። በክሪፕትሴትአፕ «ሪፍሬሽ» ትእዛዝ ዲስኩን ሳልነቅል አበራኋቸው፤ «ፐርሲስተንት» የሚለውን ስጨምርበት ምርጫው የምስጠራው ቅንብር በሚቀመጥበት በሉክስ2 ሄደር ላይ ተጻፈ። የቀድሞው ስሪት ሉክስ1 ይህን አይዝም። የትንንሽ ንባቦቹ መዘግየት ወዲያው ወደ ጥሬው ዲስክ ተጠጋ።

5.9 ላይ ያላችሁ ግን ከርነሉን ሳታሻሽሉ አማራጮቹን አትንኩ። የንባብ ማጠናቀቂያ ከኢንተራፕት (ፕሮሰሰሩን ከሥራው ከሚያቋርጥ የሃርድዌር ጥሪ) ውስጥ ሊመጣ ይችላል፣ እዚያ ደግሞ መተኛት ክልክል ነው፤ በዚህ ሰበብ የተፈጠሩት ስህተቶች የታረሙት ቆይተው ነው።

የባክአፑን ማሽን አልነካሁትም። የሚሽከረከር ዲስክ ነው፣ ሥራውም አንድ ረጅም ፋይል መጻፍ ነው። እዚያ ወርክኪው ምስጠራውን ለብዙ ኮሮች ያከፋፍላል፣ ድርደራውም ይጠቅማል።